ስዊች ሳያዩ ስለ ኔትዎርክ መፈተን ይብቃ

በቅርቡ ማታ ለፈተና የሚያጠኑ የፎርም ፎር ተማሪዎች ዘንድ ጎራ ብለን ነበር። አንዷ ተማሪ ደብተሯን ገልጣ የስታር ቶፖሎጂን ሥዕል አሳየችን። ሥዕሉ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተቀልሞ በጣም ያምራል። መሃል ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥን ሥር «ስዊች» ተብሎ ተጽፏል። «ለመሆኑ ይሄ ስዊች የሚባለው ዕቃ ምን ይመስላል?» ብለን ስንጠይቃት ግን ፈገግ አለችና «እኔ እንጃ፤ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው መሰለኝ» አለችን። ጓደኞቿ አልሳቁባትም። እነሱም አላዩትማ!

የሚገርመው ነገር ዕቃው እዚያው በሚማሩበት ግቢ ውስጥ አለ። በአንዱ ቢሮ ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ ለብሶ፣ አረንጓዴ መብራቶቹን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሌት ተቀን ይሠራል። ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ቢሮ መስኮት ሥር ስታልፍ ኖራለች። ሥዕሉን ግን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የገለበጠችው።

ይህን የምናነሳው መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። እንደሚታወቀው እዚህ ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በብዙ ችግር ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ተማሪው ብዙ ነው፣ አስተማሪውም አብዛኛውን ጊዜ በኢንሴንቲቭ የሚሠራ የራሳችን ልጅ ነው። ይሁንና ችግር አለ ብሎ ዝም ማለት ደግሞ ሌላ ችግር ነው። በበኩላችን ኔትዎርክን በቃል ብቻ ማስተማር መቆም አለበት፣ ለማቆምም ኢንተርኔት እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም እንላለን። ምክንያታችንን አንድ በአንድ እናቅርብ።

በመጀመሪያ የፈተናውን ነገር እንመልከት። በኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ኔትዎርክና ዳታ ኮሙኒኬሽን የፎርም ፎር የኮምፒዩተር ትምህርት አንድ ምዕራፍ ነው። የማጠናቀቂያው ፈተና ሦስት ክፍል አለው፤ ፔፐር 1 በጽሑፍ፣ ፔፐር 2 በኮምፒዩተር ላይ፣ ፔፐር 3 ደግሞ ፕሮጀክት ነው። በፔፐር 2 አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ስፕሬድሺት፣ ዳታቤዝና የመሳሰለው ነው። ኔትዎርክ በወረቀት ላይ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ኬብል በእጁ ሳይነካ ጥሩ ውጤት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ «ያውቃል» ይላል፣ እጁ ግን አያውቅም። ሥራ የሚሰጥ ሰው የሚፈልገው ደግሞ እጁን ነው።

ይህ የቆየ ሥርዓት እየተለወጠ መሆኑም አይዘነጋ። የመጨረሻው የስምንተኛ ክፍል ፈተና እ.ኤ.አ. በ2023 ተሰጥቷል፤ ያን ጊዜ የተፈተኑት ልጆች የአሮጌው ሥርዓት የመጨረሻ ተማሪዎች ናቸው። አዲሱ ሥርዓት ተማሪው በቃል ከሚያነበንበው ይልቅ ሠርቶ የሚያሳየውን አጥብቆ ይጠይቃል። ካሁኑ እጃቸውን ካላፍታታን ታናናሾቻቸው የባሰ ይቸገራሉ።

ሁለተኛው ምክንያታችን ትምህርቱ ራሱ እንደሚባለው ከባድ አለመሆኑ ነው። እንዲያውም የካምፕ ልጅ ከማንም በፊት ሊገባው የሚችል ትምህርት ነው። ለምን ቢሉ፣ ኑሯችን ራሱ በመስመር፣ በቁጥርና በአድራሻ የተሞላ ስለሆነ ነው።

የጄኔሬተሩን ነገር ውሰዱ። ከባለ ጄኔሬተር መብራት የሚገዛ ሰው ቶፖሎጂ አይከብደውም። በአንዳንዱ ሰፈር አንድ ረጅም ሽቦ መንገዱን ይዞ ይሄድና ሱቁም ሻይ ቤቱም ከዚያው ላይ ይቀጥላል። ይህ ባስ ቶፖሎጂን ይመስላል። ሽቦው መሃል ላይ ሲበጠስ ከወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። በኔትዎርክ ደግሞ ይብሳል፤ ግንዱ ኬብል ሲቆረጥ ከወዲህ ያሉትም ኮምፒዩተሮች ይታወካሉ። በሌላው ሰፈር ደግሞ ከጄኔሬተሩ ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ሽቦ ይወጣል። ይህ ስታር ነው። የአንዱ ቤት ሽቦ ቢበጠስ ጎረቤቱ ምንም አይሆንም። ጄኔሬተሩ ራሱ ከቆመ ግን ሁሉም ይጨልማል። ስዊች ማለት እንግዲህ በኮምፒዩተሮች መካከል እንደዚያ ጄኔሬተር መሃል ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነው። ልዩነቱ፣ ስዊች የሚያከፋፍለው መብራት ሳይሆን መልእክት ነው፤ መልእክቱንም ለሁሉም አይበትንም፣ ለባለቤቱ ብቻ ነው የሚሰጠው። ድሮ የነበረው ሀብ የሚባለው ዕቃ ግን የመጣለትን ሁሉ ለሁሉም ይለፍፍ ነበር።

ሜሽ የሚባለውም አለ። ዝናብ ጥሎ ላጋው ሲሞላ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰፈር ተቆርጦ ይቀራል፣ ሁለትና ሦስት መንገድ ያለው ግን በሌላው ዞሮ ገበያ ይወጣል። ሜሽ እንዲሁ ሁሉንም ከሁሉም ያገናኛል። ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው። 4 ኮምፒዩተሮችን ሁሉን ከሁሉ ለማገናኘት 6 ኬብል ያስፈልጋል፤ 10 ኮምፒዩተሮች ከሆኑ ደግሞ 45 ኬብል። ተማሪው ይህን በጣቱ ቆጥሮ ቢያገኘው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

አድራሻውም እንዲሁ ነው። እኛ «ዞን ስንት፣ ብሎክ ስንት፣ ቤት ቁጥር ስንት» እንባባላለን። ኮምፒዩተርም አይፒ አድራሻ አለው። 192.168.1.25 እንበል። አራት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። ሰብኔት ማስክ የሚባለው 255.255.255.0 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሰፈሩን፣ የመጨረሻው ደግሞ ቤቱን ያመለክታሉ። በዚህ ዓይነት ሰፈር ውስጥ ለ254 ዕቃዎች አድራሻ ማደል ይቻላል። በ192.168 የሚጀምረው አድራሻ የውስጥ አድራሻ ስለሆነ በየትም አገር ይደጋገማል። ብሎክ 5 በካኩማ 1 ቢኖር በካኩማ 2ም ሊኖር ይችላል፤ ሰዎቹ ግን አይምታቱም። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያሻግረው በረኛ ራውተር ይባላል። ማክ አድራሻ የሚባለው ደግሞ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሰጠው መለያ ነው። ሰው ብሎክ ሲቀይር አድራሻው ይቀየራል፣ ራሽን ሲቀበል የሚያስነካው የጣት አሻራው ግን ያው ነው። በአይፒና በማክ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ቢነገር ማን ይጠፋዋል?

መልእክቱስ እንዴት ይሄዳል? አንድ ነጋዴ ከኪታሌ ብዙ ዕቃ ቢያስመጣ በአንድ ማታቱ አይጫንለትም። በጆንያ በጆንያ ከፋፍሎ፣ ቁጥር ጽፎበት፣ ባገኘው መኪና ሁሉ ይልከዋል። ተቀባዩ ቁጥሩን እያየ ይደረድራል፤ 7ኛው ጆንያ ከጎደለ «7ኛው አልደረሰም» ብሎ ይደውላል። ኮምፒዩተርም ፎቶውን፣ ድምጹን፣ ደብዳቤውን ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ቆራርጦ ነው የሚልከው። ቲሲፒ የሚባለው ሕግ የጎደለውን እያስደገመ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መልእክት አርፓኔት በሚባለው ኔትዎርክ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 29 ቀን 1969 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲላክ «ሎግኢን» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል እንደደረሰ ማሽኑ ቆመ። እነሱም በመበላሸት ነው የጀመሩት!

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያታችን ይኸውላችሁ። ብዙ ሰው ኔትዎርክና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። ኢንተርኔት የኔትዎርኮች ኔትዎርክ ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ኬብል ተገናኝተው ፋይል ከተለዋወጡ ኔትዎርክ ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ክፍያ የለም፣ ሳተላይት የለም፣ ካርድ መሙላት የለም። «ኢንተርኔት የለንምና ኔትዎርክ ማስተማር አንችልም» የሚለው ንግግር ስለዚህ ምክንያት አይሆንም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደተባለው፣ በሰማይ ያለችውን ላም ስንጠብቅ በደጃችን የታሰረችውን ሳናልባት ልጆቹ ተምረው ይጨርሳሉ።

ስለ ሰማይዋ ላም ካነሳን አይቀር፣ እሷንም ማወቅ ይጠቅማል። ኬንያ እስከ 2009 ድረስ ከውጭው ዓለም ጋር በኢንተርኔት የምትገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ነው። ጥያቄው ወጥቶ እስኪወርድ፣ መልሱም ወጥቶ እስኪወርድ ብርሃን ራሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ መስመር ስልክ ያወራ ሰው ሁለቱም ወገን እኩል እየተናገረ ሲጋጭ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲኮምና ቲምስ የተባሉት የባህር ኬብሎች ሞምባሳ ገቡና ነገሩ ተሻሻለ። በ2023 ደግሞ ስታርሊንክ ኬንያ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ የእሱ ሳተላይቶች የሚበሩት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ይፈጥናል። ይሁንና በሜይ 2024 ሁለት የባህር ኬብሎች በደቡብ አፍሪካ በኩል ተበላሽተው የኬንያ ኢንተርኔት እንደተዳከመ እናስታውሳለን። ትልልቁም ኔትዎርክ ቢሆን ሌላ መንገድ ካላዘጋጀ እንደ ላጋው ሰፈር ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ለተማሪ ለመንገር ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የሚያውቅና የሚናገር ሰው ይበቃል።

እኛም ወሬ ብቻ እንዳይሆን አንድ እሑድ ከሰዓት ሞከርነው። አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ለመንን። ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች ከአንድ ሱቅ ተዋስን። ጥቂት ሜትር ኬብል፣ ጫፉ ላይ የሚገቡ ፕላስቲክ ማያያዣዎችና መጨበጫ ፒንሳ አገኘን። ያችን ባለ ደብተር ልጅ ጨምሮ ስድስት ተማሪዎች መጡ።

ኬብሉን ስንልጠው ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዘው ወጡ። «ለምን ተጠማዘዙ?» አለ አንዱ። አንዱ ጥንድ የሌላውን ጥንድ መልእክት እንዳይረብሽና ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ እንዲቀንስ ነው። ከዚያ በሥርዓቱ ተደረደሩ፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ይህ ቲ568ቢ የሚባለው አደራደር ነው። የመጀመሪያው ኬብል አልሠራም፤ በአንደኛው ጫፍ ሰማያዊውና አረንጓዴው ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ተቆርጦ እንደገና ተሠራ። አንድ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ መርዘም እንደሌለበትም ያን ጊዜ ተነገራቸው።

ቀጥሎ አድራሻ ታደለ። ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ ለየኮምፒዩተራቸው አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጡና ማሽኑ የአድራሻ ግጭት አለ ብሎ አስጠነቀቀ። «በአንድ ራሽን ካርድ ሁለት ቤተሰብ!» አለ አንዱ፣ ሁሉም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ገባቸው። ከዚያ «ፒንግ» የሚባለውን ትእዛዝ ጻፉ። ይህ «አለህ ወይ?» ብሎ እንደመጣራት ነው። ከአንደኛው ኮምፒዩተር መልስ ጠፋ። ኬብሉ ደህና ነው፣ አድራሻው ልክ ነው፣ ስዊቹ ላይ መብራቱ በርቷል። ታዲያ ምን ሆነ? ያች የደብተሯ ልጅ ከሥር ጀምራ አንድ በአንድ ስትመረምር ቆይታ ችግሩን ራሷ አገኘችው። ፋየርዎል የሚባለው የውስጥ ዘበኛ ጥሪውን እየከለከለ ኖሯል። ፈቀደችለት። መልሱ አራት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ የተሰማው ጩኸት ጎል የገባ ነበር የሚመስለው።

ትምህርት ማለት ይኸው ነው። መጽሐፉ ውስጥ «ችግር ሲፈጠር ከኬብሉ ጀምረህ ወደ ላይ መርምር» የሚል ዓረፍተ ነገር በቃል ሊያዝ ይችላል። ግን መልስ በጠፋ ጊዜ ሳይደነግጡ ተራ በተራ መፈተሽን የሚያስተምረው መልስ የሚያጠፋ ኮምፒዩተር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንዳንድ አባቶች «በ2025 ራሽን ሲቀነስ ያየነውን አይተናል፤ ሰው በሚርበው ቦታ ኮምፒዩተር ምን ይሠራል?» ይሉናል። ነገሩ እውነት አለው፤ የራበው ልጅ አይማርም። የራሽኑን ጉዳይ በዚህ ገጽ ማንሳታችንንም አንተውም። ነገር ግን አባቶቻችን አንድ ነገር ያስቡልን። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛው ሠርቶ እንዲያድር በር ከፍቷል። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ፕላንም ካምፖቹን ከነዋሪው ጋር ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች ለመለወጥ ያለመ ነው። ፈቃዱና አፈጻጸሙ ገና ብዙ ያነጋግራል። ቢሆንም «ራሳችሁን ቻሉ» በተባለ ቀን በእጁ ሙያ ያለውና የሌለው እኩል አይሆኑም። ኬብል የሚዘረጋ፣ የሱቅ ዋይፋይ የሚያስተካክል፣ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የሚጠግን ልጅ እዚህም ቢቀር፣ ሪሴትልመንት ቢደርሰውም፣ አገሩ ቢመለስም ሙያው አብሮት ይሄዳል። ሻንጣ አይፈልግም።

ሌላው ተቃውሞ ከትምህርት ቤት በኩል የሚመጣው ነው። «ተማሪ ከነካው ይበላሻል፣ ይሰረቃል» ይባላል። ስለዚህም የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ይኖራል፤ ሰውየው ስብሰባ ከሄደ ክፍሉ ተዘጋ ማለት ነው። ስርቆት የለም አንልም። አቧራውና ሙቀቱም ዕቃ ይገድላል። ግን ተቆልፎ የተቀመጠ ኮምፒዩተርም እኮ ያረጃል። ማንም ሳይማርበት ካረጀ ደግሞ ከመሰረቅ በምን ይሻላል? በመዝገብ ተፈራርሞ ማስገባትና ማስወጣት ይቻላል። ስንቱን ነገር በፊርማ ተረክበን የምንኖር ሰዎች አይደለን እንዴ!

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

ለትምህርት ቤቶች፦ ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒዩተር ክፍሉ በመምህር ወይም በታመነ ረዳት ተጠባባቂነት ይከፈት። የሚሠራው ስዊችና ራውተር ያለበትን ቦታ ተማሪዎች በተራ ገብተው ይዩት። ማየት ምንም አያስወጣም። እያንዳንዱ ተማሪ ከፈተና በፊት ቢያንስ አንድ ኬብል በእጁ ሠርቶ ይፈትሽ።

ለኮሚዩኒቲያችን፦ ከጥቅም ውጭ ናቸው ተብለው በየቤቱና በየቢሮው የተከመሩ ኮምፒዩተሮች አሉ። ከሦስቱ ብልሽት አንድ የሚሠራ ይወጣል። አንድ ቦታ ይሰብሰቡና ልጆቹ ይለማመዱባቸው። ኮሊብሪና ኪዊክስ የሚባሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። አንድ ጊዜ ትምህርቱንና ዊኪፔዲያን የሚያህል መጽሐፍ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከጫኑ፣ በውስጥ ኔትዎርክ ሌሎቹ ሁሉ ከእሱ ያነባሉ። ኔትዎርክ ሠርተው ቤተ መጻሕፍት ቢከፍቱበት ከዚህ የተሻለ ፕሮጀክት ከየት ይመጣል?

ለባለ ሱቆችና ለባለ ዋይፋይ ወንድሞችና እህቶች፦ ዕቃችሁ ሲበላሽ ጥገና ስታስጠሩ አንድ ሁለት ተማሪ አጠገባችሁ ቁሞ እንዲያይ ፍቀዱ። ነገ እነሱን ነው የምትጠሩት።

ለወላጆች፦ ሴት ልጆቻችንን «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ብላችሁ አታስቀሩ። ያን ቀን ዘበኛውን ያገኘችው ማን እንደነበረች ከላይ ተናግረናል። ሲመሽ መንገዱ ስለሚያሰጋ ልምምዱ በቀን ይሁን፤ እኛም ይህንኑ እንጠይቃለን። እናንተ ደግሞ ውኃ መቅዳቱንና እንጨቱን ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለወንድሟ አካፍሉላት።

ለተማሪዎች፦ ደብተራችሁን አትጣሉት፤ ሥዕሉም ትርጉሙም ለፔፐር 1 ያስፈልጋችኋል። ግን ሥዕሉን ስትስሉ «ይሄን ዕቃ የት አየሁት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ካላያችሁት ሂዱና «አሳዩን» በሉ። መጠየቅ አያሳፍርም። እኛም ከመካከላችን ስዊች ምን እንደሚመስል ያወቅነው ትምህርት ቤት ከጨረስን በኋላ የሆነ አለን።

አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። አንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻውን ብዙም አይረባም። የአንዱ ሱቅ ስዊች፣ የአንዱ መምህር ቅዳሜ፣ የአንዷ ልጅ ጥያቄ እንዲሁ ብቻ ብቻቸውን ሲሆኑ ትንሽ ናቸው። ሲገናኙ ግን ኔትዎርክ ይሆናሉ።

ያ አራት ኮምፒዩተር አሁንም አለ፤ ስዊቹን ግን ለባለቤቱ መልሰናል። ሌላ ስዊች ያለው፣ ወይም ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ሙያተኛ ካለ ለዚህ ገጽ አዘጋጆች ይንገረን። ልጆቹ እየጠበቁ ናቸው።

ቸር ይግጠመን።